ማሊያውን ያጠበው ሰውዬ

እንደምን ዋሉ፣ እማማ ደስታነሽ? ይግቡ፣ ይግቡ... እዚህ ይቀመጡ፤ ይሄኛው ወንበር እግሩ ደህና ነው። ከሽንዲ መንገዱ እንዴት ነበር? ሹፌሩ እንደ ልማዱ ቡሬ ላይ አቁሞ ሰው ሲጠብቅ ዋለ ወይስ ዛሬ አዘነላችሁ? በርበሬውስ? አሁንማ ቀልቶ ለለቀማ ደርሷል። ዝናብ ካልመጣበት ዘንድሮ ደህና ነው ይላሉ... እሌኒ ተኝታለች። ስትነቃ ያዩዋታል። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሁለት ጥርስ ጨምራለች።

ነገ እንግዲህ የሸጋዬ አርባ ነው። ጠላው ተጠምቋል፤ ለቄሶቹም ነግሬያለሁ። የቡሬ ልጆች ይመጣሉ፤ ቡድኗ በሙሉ። በቀብሯ ዕለት ለጨዋታ ደብረ ማርቆስ ስለነበሩ አልደረሱም፤ ለቅሷቸው ነገ ነው። ለእነሱ ሲባል ልብሷ ይወጣል። እናት ነዎትና ማሊያዋን ይዘው ፊታቸው የሚቆሙት እርስዎ ነዎት... ደንብ ነው። ቢጫውን፣ የበረኛውን፣ አንድ ቁጥሩን። እሌኒን አርግዛ ከቡድኑ ስትሰናበት አሥራ ስምንቱ ጓደኞቿ የፈረሙበትን።

ማሊያውን ካነሣን አይቀር... አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ማማት ኃጢአት ነው። እርስዎም ያውቁታል። እኔማ ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር መስተዋቱ ውስጥ አገኘዋለሁ። ሰላምታ ግን ካቆምን ሰነበትን።

ምን ያለ ባለሙያ መሰልዎት! በሚሠራበት መሥሪያ ቤት በጽዳት ሁለት ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ ወረቀት ተሸልሟል። ወረቀቱም ያው፣ እዚያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል... አዎ፣ ከእሷ ፎቶ ከፍ ብሎ። የሰቀለችለት ራሷ ናት። በረኛ አይደለች? ቁመቷ ይደርሳል። እሱ ወንበር ላይ ቆሞም አይደርስ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለለት። አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። «ልብሷን አጥበህ ጠብቀኝ፤ የሟች ልብስ አድፎ ሰው ፊት አይወጣም» አሉት። ልክ ናቸው። ማን ክፉ ምክር ነው ይላል? እሳቸው እጠብ አሉ እንጂ ቀቅል አላሉም... ቀሚሶቿን ይሁን ማሊያዋንም ጭምር፣ መልሶ ደውሎ መጠየቅ ማን ከለከለው? እሱ ግን ታዛዥ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ልብስ አግዘኝ ስትለው ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማ ሰው፣ እሷ ካለፈች በኋላ በአንድ ስልክ ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?

ቀሚሶቿን አጠበ። ነጠላዋን አጠበ። ማሊያው ቀረ። ማሊያው ከመጨረሻ ጨዋታዋ ወዲህ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ያላስነካችው እሷ ናት። ክርኑ ላይ የቡሬ ሜዳ ጭቃ ነበረበት፤ ፍፁም ቅጣት ምት ስታድን የወደቀችበት። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና! ለካ ሁለት ሆነው ነው የወደቁት። ሰውዬው ጭቃውን አየና አፈረ። «ልጆቹ ሲያዩ ባሏ ምን ያለ ዝርክርክ ነው ይሉኛል» አለ። አሥራ ስምንት ፊርማ ያለበት ልብስ ፊቱ ተዘርግቶ እሱ ያየው ጭቃ ብቻ ነው። የተሸለመ ዓይን እንዲህ ነው።

ውሃ አፈላ። ሳሙናውን በተነበት። በረኪናም ጠብ አደረገበት፤ በደንብ እንዲጠራ። ወዲያው የያምሮት ስም ከደረቱ ተነሥቶ ይዋኝ ጀመር... ያምሮት አምበሏ ናት፤ ነገ ከሁሉ ፊት የምትገባው። ሌላ ሰው እዚህ ላይ አያቆምም? ምስጉን ሠራተኛ ግን ሥራ ጀምሮ አይተውም። ቀለሙ የፈሰሰበትን ዙሪያውን ብቻ ላጥራ አለና ከኮሮና ጊዜ የተረፈች ሳኒታይዘር ከመደርደሪያ አወረደ። በጥጥ ነክሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን... ብቻ። ዙሪያውን ሲል ፊደሉ ሄደ። ፊደሉን አስተካክላለሁ ሲል ስሙ ሄደ። በአንድ ከሰዓት አሥራ ሰባት ተጫዋች አሰናበተ። የትኛው አሰልጣኝ ነው እንዲህ የቆረጠ?

አንዲት ብቻ ተረፈች፤ ወለተ ሐና፣ ተቀያሪዋ በረኛ። ስትፈርም ቦታ አልቆባት ብብቱ ሥር ነበር የጻፈችው። እሱ እዚያ ድረስ ማሸት ታከተው። ትንሽ ስንፍና ባይቀላቅልበት እሷንም አይምራትም ነበር።

ከዚያ በኋላ... አዎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያ ሊጠይቅ የሄደው። ቡሬ ላይ ላውንደሪ ያለው ስመኘው የሚባል ሰው አለ። ማሊያውን ገልብጦ አየና «እንዲህ የጠራ ሥራ አይቼ አላውቅም» አለው። አመስግኖት እንዳይመስልዎት። ፊርማ ያለበት ማሊያ አይታጠብም አለው። የግድ ከሆነም ጭቃው ያለበትን ቦታ ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ መታ መታ ማድረግ ነው። አይታሽም፤ አይጠመዘዝም፤ ካውያ አይነካውም። ጥላ ላይ አስተኝቶ ማድረቅ፣ ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ፀሐይ የማያየው ቦታ ማኖር። ሰውዬው ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈው። ከሥሩም አሰመረበት። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ስለ ማሊያ አያያዝ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም... የሚይዘው ማሊያ ብቻ ነው የጎደለው።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የማደንቅለት ሌላ ነው። የማሊያው አንገትጌ የእሷ ጠረን ነበረው። ከቀብሩ ወዲህ እሌኒ አልተኛም ብላ ስታስቸግር እሱን ያመጣላት ነበር። ፊቷን ቀብራበት ዝም ትላለች። ይህን እያወቀ ነው ያጠበው። ላብ ነው ብሎ። አሁን የሚሸተው በረኪና ነው። ትናንት ቢያቀርብላት አሸተተችና ወረወረችው... የዓመት ተኩል ልጅ ስለ ንጽሕና ምን ታውቃለች?

ይህም አልበቃውም። ሐሙስ ዕለት ገበያ ወጥቶ ጥቁር ማርከር ገዛ። ከቡድኑ ፎቶ ላይ ስም እየለቀመ ደብተር ላይ ተለማመደ። ያምሮትን ጻፈ፤ አማረለት። የተከላካዮቹን ጻፈ፤ አማረለት። አሥራ ሰባቱም ከአንድ መምህር ሥር የተማሩ መስለው ቁጭ አሉ። ነገ ልጆቹ የገዛ ፊርማቸውን ሲያዩ በሰው እጅ እንደፈረሙ ባወቁ ነበር... ግን እሱ ይህን መች አሰበ! ማሊያውን ጠረጴዛ ላይ ወጥሮ ሊጀምር ሲል ዓይኑ ከታች ጠርዙ ላይ አረፈ።

እዚያ የጻፈችው እሷ ናት። ሆዷ ውስጥ ላለችው። ሴት ናት ትል ነበር፤ አልተሳሳተችም። «ልጄ፣ ማንበብ ስትችዪ መጀመሪያ ይህን አንብቢ። ኳሷን ይዣታለሁ።» ይኸው ነው፤ ሁለት መስመር። ቃሉን አንድም ሳይስት ያውቀዋል። መልሶ መጻፍ ይችል ነበር። የእሷ ጽሕፈት ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ለኳስ እንደምትወረወር ዓይነት። የእሱ ቀጥ ያለ ነው፤ የቢሮ ማስታወቂያ ይመስላል። ማርከሩን ከደነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሠራው ብልህ ሥራ ይህ ብቻ ነው... እሱንም ክዳኑ ቅርብ ስለነበረ ይሆናል።

እና እማማ... እነሆ ማሊያው። ይያዙት፤ አይፍሩ፤ ከእንግዲህ ምንም የሚበላሽ ነገር የለውም። ሰውዬው የልብስ ሣጥኗን አይጥ ገባበት ብሎ ሊያሳብብ ምንም አልቀረውም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ነገ እንዳለ ይዘውት ይቁሙ። ባዶውን። ያምሮት ስሟን ፈልጋ ስታጣ እሱ ራሱ ወጥቶ ምን እንዳደረገ ይንገራት። ሽልማት ሲቀበል ሰው ፊት መቆም ለምዶ የለ? እርስዎን የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ሲናገር ከጎኑ አይራቁ...

ምነው ጠርዙን ትክ ብለው ያዩታል? እዚያ ምንም የለም። አጥርቶታል አልኩዎት እኮ።

ተዉት፣ አይርገሙት። ሙያተኛ አይረገምም፤ ይልቅ እንመርቀው። እጁን ይባርክለት። ዕድሜ ይስጠው፤ ከእሷ የተረፈውንም ጨምሮ ይስጠው። ዓይኑን አያፍዝበት፤ ጆሮውን አይድፈንበት። እሌኒ ፊደል ቆጥራ ማንበብ የቻለች ዕለት፣ ይህን ማሊያ ጭኑ ላይ ዘርግታ «አባዬ፣ እማዬ የጻፈችልኝ የቱ ጋ ነው?» ስትለው ለመስማት... ለዚያች ቀን በሙሉ ጤና ያድርሰው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እማማ።