ጭልፋውና ሚዛኑ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና በሩ ክፍት በነበረው በሳሙና ሠሪው ጎረቤቴ ቤት ተጠለልኩ። ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ ግድግዳው የራቀ ይመስላል፤ በመስኮት የገባው ብርሃን በእንፋሎቱ ውስጥ ሲዋኝ ሳይ፣ በእውኔ ይሁን በሕልሜ ለጊዜው ተምታታብኝ። ሽማግሌው ጭልፋ እንደያዙ፣ ኬሚስትሪ ተምራ ከተመለሰች ወር ካልሞላት የእህታቸው ልጅ ጋር ይከራከራሉ።

«እንኳን መጡ መምህር! ይፍረዱን» አሉኝ። «ቅባት ቀማሚው ከሱፍ ዘይት ለቅባቱ የሚገባ የስብ አሲድ አውጣልኝ ብሎኛል። ዘይት በኮስቲክ ሶዳ ስቀቅል ሠላሳ ዓመቴ ነው። ይቺ ልጅ ግን ሶዳው በዛ፣ እሳቱ ጋለ ትለኛለች!»

«እንመዝነው ነው ያልኩት አጎቴ» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ዘይቱ የሚፈልገው ሶዳ ልክ አለው። ከዚያ ያለፈው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።»

«ሥራ የፈታ ሶዳ አይቼ አላውቅም!»

«የአክስቴ እጅ ላይ አይተውታል።»

ጥግ ላይ ሳሙና ይቆርጡ የነበሩት ባለቤታቸው የተሰነጣጠቁ ጣቶቻቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ሸሸጉ። «እርጅና ነው ስትለኝ አምኜህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ ይሞከር።»

ዘይቱ ለሁለት ማሰሮ እኩል ተካፈለ፤ በአንዱ የተመዘነ ሶዳ፣ በሌላው የጭልፋው ግምት ገባ። ልጅቱ ዘይቱና ሶዳው ቶሎ እንዲዋሃዱ አልኮል ጨመረችና ከእሳት አርቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ፣ እሷም በዝግታ ስታማስል፣ ሰዓቱ የቆመ መሰለኝ።

የሁለቱም ማሰሮ ሳሙና ሲደርስ በውሃ በጠበጠችው፤ የአሲድ መለኪያ ወረቀቷ እስኪቀላ ድረስም አሲድ እየቆጠረች ጠብ ጠብ አደረገችበት። የስብ አሲዱ ከነጭ ጉም ውስጥ ቀስ እያለ ወጥቶ፣ ቢጫ ሆኖ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ።

«እኩል ናቸው» አሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው። «ያንቺው ውስጥ ያልተለወጠ ዘይት ቢኖርስ?»

ከሁለቱም ጠብታ ወስዳ ለብ ባለ አልኮል ውስጥ ጣለች። ሁለቱም ጥርት ብለው ሟሙ። «ዘይት ቢቀር ኖሮ ይደፈርስ ነበር። የእርስዎ ማሰሮ ግን የእኔን እጥፍ አሲድ ጠጣ። ትርፉን ሶዳ ለማብረድ ነው። ሳሙና ስንሠራ ግን ይህን ትርፍ የሚያበርደው የለም፤ የሰው ቆዳ ላይ ያርፋል።»

ይቆጣሉ ብዬ ስሰጋ፣ ሽማግሌው ሄደው ባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ። «ይቅር በይኝ» አሉ።

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ለሌሎቹ ሳሙና ሠሪዎችም ንገር።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሶዳና አሲድ አይባክንም፤ ማገዶውም ተርፏል፤ ቅባት ቀማሚው የጠራ የስብ አሲድ ያገኛል፤ ልብስ አጣቢዎችም ሳሙናው አቃጠለን ማለት ትተዋል። እኔን የገረመኝ ግን በማግስቱ ያየሁት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሳሙና ሠሪ የሥራ ባላንጣቸው ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባሉም። ሽማግሌው ሚዛናቸውን በብብታቸው ይዘው ተሻገሩ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህ?» አላቸው ሰውየው ከበሩ ሳይነቃነቅ።

«ሶዳ መመጠን የምታውቀው ነገር ነው የሚመስልህ፤ እኔም መስሎኝ ነበር» አሉ። «ዘይትህን አምጣና አብረን እንየው።»

ሰውየው ትንሽ አመነታና ከበሩ ዞር አለላቸው።