መሬት የምትለካዋ ብስክሌት

በእኛ ጊዜ ብስክሌት የሥራ ዕቃ ነበረች እንጂ ማን ይዝናናባት ነበር! ደብዳቤ አመላላሹ ይነዳታል፣ የከብት ክትባት ሠራተኛው ይነዳታል፣ አበቃ። ሰው ያለ ጉዳይ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ተራራ ለተራራ ሲዞር ከታየ ወይ አብዷል ወይ የሆነ ነገር ፈልጓል ይባል ነበር። እኔም ራሴ እንደዚያ ነበር የምለው፤ ምን እደብቅሻለሁ ጫልቱ፣ የወንድሜ ልጅ አይደለሽ? ጻፊው፣ እንዳለ ጻፊው፣ ስትጨርሺ ግን መልሰሽ ታነቢልኛለሽ፤ ያላልኩትን እንዳትጨምሪ። አትሳቂ! ሠላሳ ዓመት አምቦ ንብረት ክፍል የሠራ ሰው እናቱንም ሳያስፈርም ብርጭቆ አያቀብልም።

ታዲያ ጡረታ ወጥቼ ወደዚህ ወደ ጊንጪ ስመለስ ስኳር አለብህ ተባልኩ፣ ሐኪሙም "አባባ፣ ይንቀሳቀሱ" አለኝ፣ እና ልጄ ከአዲስ አበባ ብስክሌት ገዝቶ አመጣልኝ። ጎማዋ ወፍራም ነው፣ እጀታዋ ላይ ደግሞ የእጅ ሰዓት የምታክል ቆጣሪ አለቻት፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድሽ ትነግርሻለች። ባለቤቴ ወርቄ ገና ስታያት "በዚህ ዕድሜህ የት ልትሄድባት ነው?" አለች። "የትም" አልኳት። "የትም የሚባል አገር የለም፤ እዚያ ማን አለች?" አለችኝ። ይኸውልሽ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የተነሳነው!

እኔ ግን መንገዱን ወደድኩት። ምን ልበልሽ፣ ወደድኩት! ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የእንጨት ድልድይ ተነስታ በደንዲ በኩል ሽቅብ የምትወጣውን የእግር መንገድ ታውቂያት የለ? በመስከረም ግራ ቀኙ ኬሎ ነው፣ አደይ አበባ፣ ቢጫው ጉልበትሽ ድረስ ይመጣል። ኅዳር ላይ ጤፉ ደርሶ ነፋስ ሲያስተኛው፣ መልሶ ሲያነሳው ቆመሽ ብታይ አትጠግቢም። ጥር ላይ ጠዋት ውርጩ ጣትሽን ያደነዝዘዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ከአውድማው የሚበነው ገለባ ወርቅ ይመስላል። ሐምሌ? በሐምሌ አይኬድም፤ እኔ ግን እሄዳለሁ! ጥቁሩ አፈር ጎማዋ ላይ ተጠቅልሎ አላዞር ሲላት ተሸክሜያት እወጣለሁ፣ እና ገበሬው ቆሞ ያየኛል፤ እሷ እኔን ስትሸከም ነበር የለመደው።

ታዲያ የንብረት ክፍል አመል አይለቅም። ቦታው ያልተጻፈ ዕቃ ጠፋ ማለት ነው። ድልድዩ ላይ ቆጣሪዋን ዜሮ አደርጋታለሁ፣ እና ያማረኝ ቦታ ስደርስ ከኪሴ ደብተር አውጥቼ እጽፋለሁ፦ "ሦስት ነጥብ አሥር፣ ምንጭ፣ ውሃው ቀዝቃዛ። አራት ነጥብ ሃያ ስድስት፣ ከመንገዱ ዳር የወይራ ዛፍ፣ ጥላው ጥሩ፣ አረፍኩ።" እንግዲህ ፍረጂኝ፣ ይኼ ምን ክፋት አለው?

ያ ጊዜ ግን መሬት ተለክቶ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ አገሩን ያመሰበት ጊዜ ነበር፤ ደብተር የያዘ ሰው በማሳ ዳር ከታየ ሁሉም ዓይኑን ይጥልበታል። ወይራዋ ደግሞ የገበሬው የኦቦ ገለታ ድንበር ናት። ከወዲህ የእሱ መስክ ነው፣ ከወዲያ የጎረቤቱ የቶሌራ ማሳ ነው። አንድ ቀን ጥላዋ ሥር ተቀምጬ ስጽፍ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ብል ገለታ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

"አካም ቡልተ፣ ኦቦ ገለታ?" አልኩት።

"ደህና አደርኩ፣ ኦቦ ድሪባ። ምን ትለካለህ?"

"ኧረ ምንም!"

"ይኼ የሚቆጥረው ምንድነው?" በዱላው ጫፍ ቆጣሪዋን ነካ አደረጋት።

"የሄድኩበትን ነው።"

"የሄድክበት የማን ነው?"

"መንገድ ነዋ!"

"መንገዱስ የማን ነው?"

እንግዲህ ምን ትመልሻለሽ? "ለጤናዬ ነው፣ ለሽርሽር ነው" ብለው፣ "ለሽርሽር!" አለ፣ እንዲህ አፉን አጣሞ፣ "ሰው ለሽርሽር በሐምሌ ብስክሌት ተሸክሞ ጭቃ ያቦካል? ማን ነው የላከህ?" "ማንም!" አልኩት። "ማንም የሚባለው ሰውዬ የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው?" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር ወጥቶ ይቆማል። አይሰድበኝ፣ አይከለክለኝ፣ ዝም ብሎ እስክሰወር ድረስ ያየኛል። ታዲያ አንድ የጥር ጠዋት ወይራዋ ጋ ልደርስ ስል ጎማዬ ጵስስስ! ወርጄ ባይ የግራር እሾህ ነው፣ መንገዱ ላይ ተበትኗል። ልብ በይ፣ በዚያ አካባቢ አንድም ግራር የለም! እሾህ እግር የለው፣ ማን አመጣው? ገለታ ነው አልኩ፤ ሌላ ማን ሊሆን? እሾሁን በክብሪት ቀፎ ከትቼ አስቀመጥኩት፣ ማስረጃ ነዋ! እና ስንት ዓመት እንዲህ ተያየን መሰለሽ፤ እኔ እሱን እየጠረጠርኩ፣ እሱ እኔን እየጠረጠረ፣ ሰላምታ እንኳ እንደ ነገሩ።

በኋላ ጉልበቴን አሞኝ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልወጣ ቀረሁ። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ፣ ወርቄ ከፍታ አየችና "ገበሬ ነው፣ አንተን ነው የሚለው" አለችኝ። ገለታ! ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"ኦቦ ድሪባ፣ ያቺ የምትቆጥረው ነገር አለች?"

"ለምን ፈለግካት?" አልኩት፤ እንግዲህ ተራዬ ነው!

"ወይራዋ የለችም" አለኝ።

ለካስ እንጭኒ ከተማ ልጁ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ ወይራዋ ተቆርጣለች፣ ጉቶዋ አፈር ለብሷል፣ ላዩ ታርሷል። ቶሌራ ደግሞ "ዛፏ የነበረችው ወደ ታች ነው፤ መስኩ የእኔ ነው" ይላል። ሽማግሌዎች ተጠየቁ፤ አንዱ እዚህ ነበረች ይላል፣ አንዱ እዚያ። ሐሙስ መሬት መዝጋቢዎቹ ይመጣሉ፣ እነሱ ከጻፉት በኋላ ደግሞ ማን ያስለውጣል? "ያ መስክ ከሄደ ከብቶቼ በበጋ የሚግጡት የላቸውም። በሬዎቼን ሸጬ ምን ልሆን ነው?" አለኝ። ያ ስንት ዓመት ያፈጠጠብኝ ሰውዬ ዓይኑ እንባ ሞላ። አዘንኩለት፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው። ግን ደግሞ ጠረጠርኩ፤ ወጥመድ ቢሆንስ? ወስዶኝ "ሲለካ ያዝነው!" ቢለኝስ? ስለዚህ "ኦቦ ድሪባ የመጣው እኔ ለምኜው ነው" ብዬ ጻፍኩና አስፈረምኩት። ምን ታዪኛለሽ? ፈረመ!

ሐሙስ ጠዋት ድልድዩ ላይ ዜሮ አደረግኳትና ወጣሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ገለታ ከጎኔ ይሮጣል፣ ዓይኑ ቁጥሯ ላይ ነው። እላይ ሽማግሌዎቹ፣ መዝጋቢዎቹና ቶሌራ ቆመዋል። ቶሌራ ሲያየን "ዛሬ ብስክሌት መሰከረች፤ ነገ ደግሞ አህያ ትቀርባለች!" አለና ሰዉን አሳቀ። እኔ ዓይኔን ከቁጥሯ ሳልነቅል ቀጠልኩ። አራት ነጥብ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። ቆምኩ፣ ደብተሬንም ገልጬ ለመዝጋቢዎቹ አሳየሁ። ዙሪያው የታረሰ አፈር ነው። "እዚህ፣ ከመንገዱ ዳር ቆፍሩ" አልኩ። ቆፈሩ፣ ምንም የለም። "አሥር ሜትር ያህል ልትስት ትችላለች፤ ትንሽ ከፍ በሉ" አልኩ። ቆፈሩ፣ ምንም። ቶሌራ ሳቀ፣ የገለታ ፊት አመድ መሰለ፣ እኔም አላበኝ። "አንዴ ብቻ፣ አሁንም ከፍ በሉ!" አልኩ፣ እና ዶማው ወረደ፣ ቋ! አለ። አፈሩን በእጃቸው ቢጠርጉት ቀይ የወይራ ጉቶ፣ የመጥረቢያው ምልክት ገና አልጠፋም። የሳቀው ሁሉ ሊያይ ተጋፋ። ቶሌራ "መቼም እኔ አላውቅም" እያለ ነጠላውን ሰብስቦ ሄደ። መዝጋቢዎቹ ችካሉን ጉቶው ላይ መቱት፣ መስኩም የገለታ ሆነ።

ገለታ አቀፈኝ፣ ትከሻዬን ሳመኝ፣ አልለቅ አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ጉልበቴንም ረሳሁት። ግን ጠብቄው የኖርኩት ቀን ነው፣ የክብሪቱን ቀፎ አወጣሁና "ኦቦ ገለታ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይኼን እሾህ የበተንከው አንተ ነህ?" አልኩት። "እኔ? እዚህ ግራር የት አግኝቼ?" አለ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ። ከዚያ እጄን ይዞ ከሰው ነጠል አደረገኝና፣ ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣

"ከእንግዲህ ዘመድ ነን፣ አንደባበቅም። ያን ሁሉ ዓመት ስትለካ እንደነበር ይኸው አገር አየ። አሁን ንገረኝ፤ ማን ነው የላከህ?" አለኝ።

ኧረ በፈጠረህ! ስንት ዓመት አልለካም ብዬ ስምል ኖሬ፣ በገዛ ደብተሬ ለካሁ ብዬ መሰከርኩ! አሁንም ባለፍኩ ቁጥር እርጎ ይዞ ወጥቶ ይጠብቀኛል፣ እርጎውን አስጨርሶ ብርጭቆውን ሲቀበለኝ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ሃ ሃ ሃ! እኔስ መጠርጠር ሥራዬ ነበር፣ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር፤ እሱ ግን በነፃ ነው!

(እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ "ጋሼ፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ እውነት ማን ነው የላከዎት?" አልኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። የጻፍኩበትን ደብተር አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ።)

"ቆይ፣ አንቺስ ይኼን ሁሉ የምትጽፊው፣ ማን ልኮሽ ነው?"