የእህት መቅኔ

የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ለምሳ ስትወርድ ጎረቤቷን፣ ሽማግሌውን ልብስ ሰፊ፣ ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የስድስት ወር የልጅ ልጃቸው በመስታወት ክፍል ተነጥሎ ተኝቷል። ሐኪሞቹ የአምስት ዓመት እህቱ መቅኔ ልክክ ብሎ ይስማማዋል ብለዋል፤ ወላጆቹ ግን «አባታችን ሳይፈቅዱ አንፈርምም» ብለው ቆመዋል።

ዓይነ አፋር ስለሆነች አልፋቸው ልትሄድ ነበር፤ ግን ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ምነው እዚህ?»

«ምን ላድርግ ልጄ። አንዷን አጉድለህ ሌላውን ሙላ ይሉኛል። እኔ ከአንዱ እጅጌ ቆርጬ ለሌላው ኪስ ሠርቼ አላውቅም። ለመሆኑ ልጁ ምን ጎደለው?»

«ጠባቂዎች ናቸው የጎደሉት። ቲ ሴል የሚባሉ የሰውነት ዘበኞች አሉ፤ ያለ እነሱ ጉንፋን እንኳ ይገድላል። ከመቅኔ ተነሥተው ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ዕጢ ውስጥ ያድጋሉ። እዚያ ‹ኑሩ› የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያደርሰው ፕሮቲን ግን ሕፃኑ ጋ የለም። መልእክቱ በር ላይ ይቀራል፤ ሴሎቹም ሳያድጉ ይሞታሉ።»

«ታዲያ ጮክ ብላችሁ ንገሯቸዋ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ተቀባይ ከሌለ ጩኸት ምን ያደርጋል? ደግሞ መጠን አለው። መልእክቱ የሚበረታባቸው ሴሎች የገዛ ሰውነታቸውን እንዳያጠቁ እዚያው ይወገዳሉ።»

«እንደ ስፌት መኪናዬ ክር በይኛ። ሲላላ ይቋጠራል፣ ሲወጠር ይበጠሳል።»

«እንደሱ። የእህቱ መቅኔ ተቀባይ ያላቸውን ሴሎች ያፈራለታል።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሷስ?» አሉ።

የሚያስጨንቃቸው ይህ ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። ያስተማረቻቸው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ላልጠየቁት ነገር መልስ ነበር።

«ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ተኝታ ነው ከዳሌ አጥንቷ የሚቀዳው። ለጥቂት ቀን ወገቧን ያማታል፤ አልዋሽዎትም። የማደንዘዣው ስጋትም ትንሽ ቢሆን አለ። መቅኔዋ ግን በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል።»

«የራስሽ ልጅ ብትሆንስ?»

አጠገባቸው ተቀመጠች። «አጠገቧ ሆኜ እፈራለሁ እንጂ አልከለክላትም።»

ለሚወዱት መፍራት ነውር የለበትም፤ ጉዳቱ ሳይጠይቁ በፍርሃት መወሰን ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ሕፃኑ እህት ወጡ። ሁሉንም ነገሯት።

«ያልቅብኛል?» አለቻቸው።

«አያልቅም። ትንሽ ያምሻል፣ ከዚያ ይሞላል።»

ወላጆቹ በዚያው ቀን ፈረሙ።

በዓመቱ ሕፃኑን ጉንፋን ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ለቀቀው። ሽማግሌው ልብስ ሊለካ ለመጣ ሁሉ «ልጃችንን እኮ ጉንፋን ይዞት ነበር» እያሉ እንደ ምሥራች ያወራሉ። ልጅቱም ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ትልና፣ «ያባረርኩት እኔ ነኝ» ትላለች።