ማይክራፎኑን ወደ ሜዳው ያዞርኩ ቀን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ስፖርት የሚታየው በጆሮ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ቴሌቪዥን የሚባለውን እዚህ ደብረ ብርሃን ማን አይቶት፣ ሬዲዮም ቢሆን ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ እና ውድድር ያለ ቀን ሕዝቡ ቡና ቤቱ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተኮልኩሎ ነው የሚሰማው። ታዲያ የሚሰማው የማንን ድምፅ ነው? የእኔን። የእኔን የአበራን። ዛሬ ሻክሮ የምትሰሙትን አትዩ፣ ያኔ ድምፄ ድምፅ ነበር።

እኔ መጀመሪያ ሯጭ ነበርኩ፣ ወታደር ቤት ሆኜ ነው የምሮጠው፣ ጥሩም ሯጭ ነበርኩ፣ ይኼን ማንም አይነሳኝም። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ወጌሻ አሸው፣ ዳነ ተባለ፣ ሮጥኩ፣ እንደገና ከዳኝ፣ በቃ ቀረ። ታዲያ ከሜዳው ዳር ተቀምጬ ከሰው ኋላ ሆነው ሜዳው ላልታያቸው ጓደኞቼ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደደከመ ስነግራቸው አንድ የሬዲዮ አለቃ ሰማኝ፣ እና «አንተ ስትናገር እኔም የሮጥኩ መሰለኝ» ብሎ ወሰደኝ። እንዲህ ነው ማይክራፎን የያዝኩት። ሯጭ ስለነበርኩ የሯጩን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፣ መቼ እንደሚሰበር አውቀዋለሁ፣ ሰውም ይኼን ወደደልኝ።

እና አንድ ዓመት አለቃዬ ጠራኝና ዘንድሮ የገናን ጨዋታ ከአገርህ ከደብረ ብርሃን በስልክ ሽቦ በቀጥታ እናስተላልፋለን አለኝ። ደስ አለኝ፣ እንዴት አይለኝ፣ አገሬ ነው፣ ገናውም ልጅ ሆኜ እሩሯን፣ ኳሷን ማለቴ ነው፣ ስመታ ያደግሁበት ጨዋታ ነው። ታዲያ ልወጣ ስል «ሜዳውን ለወጣቱ የሰጡትን ፊታውራሪን ማመስገን እንዳትረሳ» አለኝ።

እናንተ፣ ስሙኝማ። ሜዳውን ሰጡ! ሜዳው እኮ ከጥንት የሕዝብ ነው፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ገና የሚመታበት ነው፣ እና ፊታውራሪ፣ የአገሩ ባላባት፣ ያን ዓመት ለገብስ ሊያርሱት፣ ዙሪያውንም ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት ችካል አስመትተውበታል። ከገና በኋላ ሊያጥሩት ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ አገሩ ሁሉ ያጉረመርማል፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። እኔ ላመስግናቸው!

ደረስኩ። ውርጩ ለጉድ ነው፣ ሳሩ ነጭ ሆኗል። ሽቦው ተዘረጋ፣ ማይክራፎኑን ያዝኩ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገጠሙ። የላይ ሰፈር አውራ ታደሰ ነው፣ ታደሰ አብሮ አደጌ፣ ዱላው ሲያርፍ የሚሰማ፣ ወኔያም ሰው። እኔም ተናገርኩ፣ ተናገርኩ፣ እሩሯ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ፣ እና የላይ ሰፈር አሸነፈ። ፊታውራሪን አመሰግን ዘንድ ታዝዣለሁ፣ አይደል? አፌን ልከፍት ስል እነታደሰ ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው እየጨፈሩ መጡ፣ ታደሰ ከፊት ሆኖ ያወርዳል፦

«የኛ ፊታውራሪ ሆዳቸው ሰፋ አሉ፣
ገብሱን ጠጥተውት ሜዳውን ሊበሉ።»

ሕዝቡ ተቀበለ፣ ሴቱም እልል አለ። እና ገና ነው፣ በገና ሎሌው ጌታውን ይሰድባል፣ ጌታው ይስቃል፣ ሲሆን አይተን ነው ያደግን። ስለዚህ እኔ ምን አደረግሁ? ምስጋናውን ትቼ ማይክራፎኑን ወደ ሜዳው አዞርኩት። እስኪወጣላቸው ድረስ እንዲያ ይዤ ቆምኩ። አገር ሁሉ ሰማው፣ ወለጋም ሰማው፣ ሐረርም ሰማው።

ፊታውራሪ ለካ አዲስ አበባ ምሳ ላይ ናቸው፣ ከትልልቅ እንግዶች ጋር፣ ሬዲዮኑንም ያስከፈቱት ራሳቸው ናቸው፣ «የአገሬን ጨዋታ ስሙልኝ» ብለው።

በማግስቱ መጡ። ተጫዋቹን ሁሉ፣ ሕዝቡንም፣ እኔንም ግቢያቸው አስጠሩን። ይጮሃሉ ስል አልጮሁም፣ እንዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቴም በገና ተሰድቧል፣ አያቴም ተሰድቧል» አሉ። «ፊቴ ቆመህ ብታዘፍን ኖሮ ስቄ ሙክት አስይዝህ ነበር። አንተ ግን ገናን ሜዳ ላይ አልተውከውም፣ በየሰው ቤት ገብተህ ሰደብከኝ።» ከዚያ ወደ ተጫዋቾቹ ዞሩና ማን እንዳወረደው ጠየቁ።

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ታዲያ ታደሰ ነጠላውን አደግድጎ ብድግ አለ። ተናገር ወንድሜ አልኩ በሆዴ። ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጌታዬ፣ እኛ ስንጫወት ነበር። ግጥሙን ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው እሱ ነው፣ ዝፈኑ ያለንም እሱ ነው።»

እሱ! እሱ ማለት እኔ! የቀረውስ ሰው? «አዎ፣ እሱ ነው፣ እሱ ነው» አለ ሁሉም። ያ ትናንት እልል ያለ ሕዝብ! እስካሁን ደሜ ይፈላል፣ ተዉኝ፣ ውኃ አታቅርቡልኝ፣ አልፈልግም።

ይኼ ብቻ መሰላችሁ? ፊታውራሪ ብልህ ናቸው፣ አገር ሁሉ ስድባቸውን ሰምቷል፣ ካሁን በኋላ ቢያጥሩት ዘፈኑ እውነት ሊሆን ነው። ስለዚህ «ሜዳውን ሊያጥር ነው ያለ ማነው? ከዛሬ ጀምሮ ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። ችካሉ ተነቀለ። ሕዝቡ መሬት ስሞ አመሰገናቸው። እስከ ዛሬ ስሙ የፊታውራሪ ሜዳ ነው! እናንተስ ኳስ የምትጫወቱት የት ነው? በሉ እንጂ፣ የት ነው? የፊታውራሪ ሜዳ!

ስወጣ ታደሰን በር ላይ ያዝኩት። አልዘፈንክም ወይ አልኩት። «ዘፍኛለሁ» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። «እኔ ግን ጭሰኛቸው ነኝ አበራ። ነገ ማሳውን ቢነሱኝ ልጆቼን ማይክራፎን ላብላቸው?» እውነቱን ነው፣ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን ይቅር አላልኩትም። እውነቱን መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እኔማ ከሬዲዮ ተባረርኩ። አለቃዬ እንደማያውቀኝ ሆነ። እና ያ አገር ሲሰማው የኖረ ድምፅ ምን ሥራ ያዘ መሰላችሁ? እዚሁ አውቶቡስ ተራ፣ «መዘዞ! መዘዞ! ሊሞላ ነው!» ሯጩን ሲከተል የኖረ ጉሮሮ ተሳፋሪ ሲጠራ አረጀ። ታደሰ ባለፈ ቁጥር ሰላም ይለኛል፣ እኔ ወደ መኪናው እዞራለሁ። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖርን። ቀብሩም አልሄድኩም። አልሄድኩም አልኩ፣ ምን ታፈጡብኛላችሁ?

አንተ፣ ጥግ የተቀመጥከው፣ አትደበቅ። የታደሰ የልጅ ልጅ መሆንህን መች አጣሁት። ይኸው፣ አያትህን ሰደብኩልህ። የምትለው ካለህ በል።

— አባባ፣ ዘፈኑን እኮ እኛም እናውቀዋለን።

— ከማን ሰምታችሁ?

— ከአያቴ። ገና በመጣ ቁጥር እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ያዘፍኑን ነበር። «ግጥሙ የእኔ ነው፣ ሰው ፊት ግን እንዳትሉት፣ በአበራ ስም ነው ያለው» ይሉናል። መጀመሪያ ግን በሩን ይዘጋሉ።

— በሩን ይዘጋል?

— ፊታውራሪ ከሞቱም በኋላ ይዘጉት ነበር፣ አባባ።

— አይ ታደሰ... አይ ታደሰ! በል ተነስ፣ አንተ ልጅ። የዚህን ቤት በር ወለል አድርገህ ክፈትና፣ ዘፈኑን ከላይ ጀምረህ አውርደው። መንገደኛው ሁሉ ይስማ።