ለሕያው የወጣ ቃሬዛ

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመጻጉዕ ሰንበት፣ አያ ደሞዝ ቅዳሴ ሰምተው ወደ ሰንበቴው ቤት ሲያዘግሙ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰገነትን አገኟት። አያ ደሞዝ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው፤ የማኅበሩም ጽዋ፣ የሰበካውም ቃሬዛ በእርሳቸው እጅ ነው። ሰገነት ደግሞ ሰቆጣ ተምራ ወደዚህ የዝቋላ ገደላገደል የተመደበች የጤና ሠራተኛ ናት። ነጠላዋ በላብ ርሷል፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

“እንዴት አደሩ፣ አያ ደሞዝ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ቅዳሴው ካለቀ ነው የምትመጪ?”

“ጥሩሐረግ ዘንድ ነበርሁ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ልጁ ተጋድሟል፤ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። አምቡላንሱ መኪና መንገዱ ድረስ ይመጣል፤ እስከዚያ ግን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እባክዎን ቃሬዛውንና ስምንት ሰው ይስጡኝ።”

ሽማግሌው ደነገጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ደግ ሰው ሲሳሳት ግን ስሕተቱ ይጠነክራል፤ ጽድቅ ይመስለዋላ!

“ልጄ፣ ቃሬዛው የሬሳ ነው። ነፍስ ያለው ሰው ተኝቶበት አያውቅም፤ ሟርት ነው። ደግሞ ዛሬ ሰንበት ነው፤ በሰንበት ሸክም አንሸከምም። ማርያም ትቀርባታለች፤ እኛም እግዚኦ እንላለን።”

“ጸሎቱን አይተዉብኝ፤ እኔም ስጸልይ ነው የመጣሁ። ግን ልጠይቅዎ፤ ሰው ቅዳሜ ማታ ቢሞት መቼ ይቀበራል?”

“እሑድ ነዋ! ሬሳ ምን ቀን ይጠብቃል?”

“ታዲያ ለሬሳ የተፈቀደ ሸክም ለነፍስ ስለምን ይከለከላል?”

አያ ደሞዝ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። “አባቶቻችን ያቆዩንን በአንድ ቀን አናፈርስም። ለመሆኑ ባሏስ የት አለ?”

“ዐረብ አገር ከሄደ ዓመት አልሞላው። ወንድምም የላት። አያ ደሞዝ፣ ቄስ አሥራተ ማርያም ዛሬ ያነበቡት ምን ነበር?”

“የመጻጉዕን ነው እንጂ! ሠላሳ ስምንት ዓመት ባልጋ የኖረውን።”

“ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ሲለው ምን አለ?”

“ሰው የለኝም አለ” አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

“አልጋህን ተሸከም የተባለውስ በምን ቀን ነበር?”

መልሱን ያውቁታል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ቆመው ሰምተውታል። በሰንበት ነበር፤ አልጋ ተሸከመ ብለው የተቆጡትም ሕግ እናውቃለን ባዮቹ ነበሩ። አያ ደሞዝ ያን ወንጌል በሰሙ ቁጥር በእነዚያ ሰዎች ይናደዱ ነበር። ዛሬ ራሳቸውን ከእነርሱ መካከል አገኙት፤ አፈሩም።

“ጥሩሐረግ ዛሬ ብትሞት” አለች ሰገነት፣ “ነገ ከቀብሯ የሚቀር ወንድ የለም። ሁሉም ትከሻውን ይሰጣታል፤ እርሷ ግን አታውቀውም። ዛሬ፣ ስታውቀው ስጧት።”

ሽማግሌው ወደ ሰንበቴው ቤት ገቡ። ጠላው ተቀድቷል፤ ዳቦው ሊቆረስ ነው።

“ጽዋው ይቆይ!” አሉ። “መጻጉዕን በጆሯችን ሰምተን በሆዳችን ብቻ ልናከብረው ነው? ሰው የለኝም የምትል ሴት እታች አለች። ተነሡ!”

ጥቂቶች ስለ ሟርቱ አጉረመረሙ። አያ ደሞዝ ግን “ሟርቱ በእኔ ራስ ይሁን!” ብለው ቃሬዛውን ራሳቸው ከተሰቀለበት አወረዱት።

ጥሩሐረግን ይዘው አቀበቱን ሲጀምሩ፣ ከማዶ የሚመጡ ሴቶች ቃሬዛውን አይተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ሙሾ አወጡ። አያ ደሞዝ የፊቱን እንጨት ይዘው ያለከልኩ ነበር። በቀረቻቸው ትንፋሽ ጮኹ፦ “አታልቅሱ! ሕያው ናት! ይልቅስ ትከሻ የሚቀይረን ሰው ጥሩልን!”

ጥሩሐረግ ሰቆጣ ደርሳ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሰንበቴውም ሁለተኛ ቃሬዛ ሠራ፤ በየሰንበቱ ስምንት ጎበዞች ተራ ይይዛሉ። እስካሁን ሦስት ወላዶች፣ እባብ የነደፈው አንድ ገበሬና ወባ የጣላቸው አንዲት አሮጊት በእርሱ ሄደው በእግራቸው ተመልሰዋል። ጽዋውም አልቀረ፤ ቅዳሴውም አልታጎለ። በዚያ አገር ዛሬ ቃሬዛ ሲመጣ ያየ ሰው ከማልቀሱ በፊት ሮጦ ትከሻውን ያቀርባል።