በጋቢ የተጠቀለለው ቴርሞስ

ይግቡ እንጂ እትዬ አገሬ፣ ምነው በር ላይ ቆሙ! ከሞጣ እዚህ ቢቸና ድረስ… አቧራው አልፈጀዎትም? ደግሞ ለወንድምዎ ልጅ ሠርግ ሊጠሩን! ካርዱ እንዴት ያምራል። አርሴማን ነው የጠየቁኝ? የእህቴ ልጅማ ይኸው ከጓዳ ናት። ካንሰሩ ለቋታል፣ ጠጉሯም መብቀል ጀምሯል፣ ተመስገን ነው።

እስኪ አረፍ ይበሉና ስለ አንድ የተማረ ሰው ላጫውትዎት። እርስዎ አያውቁትም… ባለቤቴ ፋንታ ቄራ አራጅ አይደለ? ይኸ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ ከታረደችው ላም የእንቁላሏን ከረጢት ይለምነው ነበር። የላም እንቁላል ከሴት ልጅ ጋር ይቀራረባል አሉ። በላም ተሞክሮ ከተሳካ፣ ካንሰር የያዛት ሴት መድኃኒቱ ሳያመክናት እንቁላሏ በበረዶ ይቀመጥላታል፤ ስትድን ትወልዳለች። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ቴርሞሱ እንዳይቀዘቅዝበት በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሆዱ ላይ አቅፎ ነበር ሚኒባስ የሚሳፈረው። ሚስቱ ታማ አዲስ አበባ ስትሄድ ግን ብቻዋን ተሳፈረች። ምን ያድርግ፣ ያለው ሁለት እጅ ነው!

መድኃኒቱ ሊጀመርላት ሲል እንኳ «ስለ እንቁላልሽ ሐኪሙን ጠይቂ» ማለቱን ረሳው። የተማረ ሰው ሐሳቡ ብዙ ነው፣ አይፈረድበትም።

ኋላ ሁዳዴ ገባ። በጾም ማን ያርዳል? ፋንታ ቢላዋውን ሰቀለ፣ ሰውዬውም ሥራ ፈታ። ሃምሳ አምስት ቀን! ያኔ ነው ቤቱን ለማየት ፋታ ያገኘ። አየና… «ከእንግዲህ አትወልጅም» ብሎ ወደ አክስቷ ላካት። ጨዋ ስለሆነ ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ ተሸክሞላታል። ለፋሲካ እርዱ ሲጀመር እሱ እንደገና ቄራ ደረሰ፣ ከነቴርሞሱ! «ጋሽ ፋንታ፣ እንኳን አደረሰዎ» አለው፣ ሳቅ ብሎ።

ተናድጄ እንዳይመስልዎት። ኧረ ተናድጃለሁ፣ ምን ልደብቅዎት! ልጅቷ እኮ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።

ውይ፣ ወሬዬ በዛ፣ ከመንገድ አስቀረሁዎት። ለባለ ቴርሞሱ ሙሽራ ምርቃቴን ያድርሱልኝ። እግዚአብሔር በዓመቱ ሴት ልጅ ይስጠው። ጤነኛ፣ ቆንጆ፣ ለዓይኑ የምታሳሳው። አድጋ ለወግ ለማዕረግ ትብቃለት… ባሏም ልክ እንደ አባቷ ያለ ርኅሩኅ ይሁንላት።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ!