የተጠረጠረው ግድግዳ

በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ያለው የአባቴ የጡብ ቤት ልስኑ ከውስጥ እየተላቀቀ ቢያስቸግረኝ፣ አሮጌውን አራግፌ እንደገና ልለስነው ብዬ መዶሻና መሮ አነሳሁ። አንድ ጥግ እንኳ ሳልጨርስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ዘው አለ።

«ግድግዳ ውስጥ መሣሪያ እየደበቅህ ነው ተብሏል!»

በዚያ ዘመን መሣሪያ ተገኘበት የተባለ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ልስን እያደስኩ ነው ብለው መች ሊሰማኝ! ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው። ልስኑ ከጡቡ ለቆ ስለነበር እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ውስጡ ባዶ ነው! እዚህ ውስጥማ የሆነ ነገር አለ!» አለ።

ባዶ ከሆነ ምን ይኖርበታል ልለው ብዬ ጠመንጃዎቹን አየሁና ዋጥኩት። መዶሻዬን ቀምተው ሳሎኑን ዙሪያውን እስከ ጡቡ ድረስ አራገፉት። እኔ ሳምንት ይፈጅብኛል ብዬ የፈራሁትን ሥራ እስከ ማታ ጨረሱልኝ። ከጡብ በቀር ምንም አልተገኘም። ሊቀመንበሩ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ፣ «ለዛሬ ተርፈሃል» ብሎኝ ሊወጣ ሲል፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኩት፣ «መኝታ ቤቱንም አንኳኩተው ቢያዩት? ድምፁ እኔንም አላማረኝም።»

መዶሻዬን እንደያዘ ተመለሰ።